የሦስት ቅዳሜ ወንፈል

በስምንት ዓመቴ ወንድሜን ከመንግሥት እጅ ሰርቄያለሁ። ቀልዴን አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ፣ በአጥር ቀዳዳ ገብቼ ከተኛበት አልጋ አንስቼ፣ አዝዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ይህን ጀግንነቴን ያላወራሁለት ሰው የለም። ሁዜይፋ ባናደደኝ ቁጥር «ምነው እዚያው በተውኩህ ኖሮ!» እለዋለሁ። እሱም ያምነኝ ነበር፤ እኔም ራሴን አምን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካነ ሰላም ያኔም ዛሬም ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አላት። ላይ ሰፈር ቢሮው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ ቤት ሁሉ ያለበት ነው። ታች ሰፈር እኛ ነን፤ ገበያው፣ የአይሱዙ ማራገፊያው፣ ክረምት ሲገባ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጠው ጭቃ። እናቴ አልታየች የድንችና የሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። ነጋዴ ስላችሁ ሱቅ ያላት እንዳይመስላችሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሳይነጋ የጭነት መኪና ላይ ወጥታ አቀስታ ትሄዳለች፣ ከዚያ ብርድ አገር ድንቹን ጭና ማታ ትመለሳለች። በቀሩት ቀናት ጉልት ትቀመጣለች። አባቴ ያሲን ሁዜይፋ ሳይወለድ ወደ ሳዑዲ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ጠፍቷል። ታዲያ ሁዜይፋን ማን ይያዘው? እኔ ነኛ!

የያዝኩት በጀርባዬ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ክብደቱ ግን ወላሂ ከድንች ጆንያ አይተናነስም። አዝዬው ውሃ እቀዳለሁ፣ አዝዬው ሱዚ እዘላለሁ፣ አዝዬው አንደኛ ክፍል ተመዘገብኩ። መምህራችን ቲቸር መሰረት ጥሩ ሰው ነበረች፤ ግን በሩ ላይ አቆመችኝ።

«ጠይባ፣ ልጁን ይዘሽ መግባት አይቻልም። ያለቅሳል፣ ሌሎቹን ይረብሻል።»

«አያለቅስም ቲቸር፤ ዳቦ ይዤለታለሁ።»

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ አለቀሰ፤ ጠላቴ!

ከዚያ በኋላ የተማርኩት በመስኮት ነው። መስታወቱ የወለቀ መስኮት ነበር። ከውጭ ድንጋይ ላይ እቆምና ደብተሬን ጠርዙ ላይ ዘርግቼ ፊደል እገለብጣለሁ። ሁዜይፋ ከኋላዬ ፀጉሬን ይነጫል። ሲዘንብ ትምህርት የለም፤ ወደ ቤት።

ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ጠዋት ጠዋት በአንድ ግቢ አጠገብ አልፋለሁ። ቢጫ ቤት ነው፤ ግድግዳው ላይ ዳክዬና ቀጭኔ ተሥሎበታል፣ ሜዳው ላይ ዥዋዥዌ አለ። ሁለት ሰዓት ላይ ጫማቸው የተወለወለ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጆቹ «እማዬ! እማዬ!» እያሉ ይጮኻሉ። እናቶቹ ልጁን ነጭ ጋውን ለለበሰች ሴት ይሰጡና ፊታቸውን አዙረው ይሮጣሉ፤ አንዳንዷ ዓይኗን ትጠርጋለች። ከዚያ በሩ ይዘጋል።

ሲወጡ ግን አይቼ አላውቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ታች ሰፈር እሳት እያቀጣጠልኩ ነው። ስለዚህ በዚያች ጭንቅላቴ ደመደምኩ፤ ይህ ቤት እናቶች ያልፈለጓቸውን ልጆች ለመንግሥት የሚሰጡበት ቤት ነው። ታዲያ ያው ልጅ በማግሥቱ ሲመጣ አታይም ነበር ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ያው ሹራብ፣ ያው ኮፍያ፣ ያው ለቅሶ ነው፤ ለእኔ በየቀኑ አዲስ ልጅ ነበር። የላይ ሰፈር እናቶች ምን ያህል ጨካኞች ናቸው እያልኩ ሁዜይፋን ጠበቅ አድርጌ አዝዬ አልፋለሁ።

የሚገርመው፣ ያ ቤት ሲሠራ እዚያው ነበርኩ። ሁዜይፋ በእናቴ ሆድ ሳለ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ታች ሰፈር መጣ። «እናቶች! ለልጆቻችሁ ማቆያ ሊሠራላችሁ ነው፤ ውሃና ድንጋይ በማቅረብ ተሳተፉ!» አለ። እናቶች ነቅለው ወጡ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ውሃውን በጀሪካን፣ ድንጋዩን በጀርባ አመላለሱ፤ ግድግዳውንም መረጉ። እናቴ ሆዷ ገፍቶ ዳገቱን ስትወጣ፣ እኔም ትንሽ ጀሪካኔን ይዤ ስከተላት ትዝ ይለኛል። ማቆያ ምን እንደሆነ ግን ለስድስት ዓመት ልጅ ማን ያስረዳል? ቤቱ አልቆ ቀለም ሲቀባ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ «ለሠራተኞች ልጆች ብቻ» ይላል። ለእናቶቹ ያነበቡላቸው ዘበኛው ጋሽ ቢተው ናቸው። እሳቸውም መሬት መሬት እያዩ ነው ያነበቡት ይባላል።

እና አንድ ቀን ቲቸር መሰረት ወደ መስኮቱ መጣች። «ጠይባ፣ እስከ ሰኞ ወንበር ላይ ካልተቀመጥሽ ስምሽ ይሰረዛል። እኔ አይደለሁም፤ ከላይ የመጣ ነው» አለችኝ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን «ይሰረዛል» የሚለውን ብቻ ነው።

ሰኞ እናቴ አቀስታ ሄደች። የእሷን ትርፍ መቀነት አወጣሁና አንዱን ጫፍ ሁዜይፋ ወገብ ላይ፣ ሌላውን የአልጋው እግር ላይ አሰርኩ። ዳቦ ሰጠሁት። ምድጃውን በአመድ ዳፈንኩ። ምን ዓይነት ጉድ ናት አትበሉኝ፤ ታች ሰፈር ታስሮ ያላደገ ልጅ ቢቆጠር ጥቂት ነው። በሩን ስዘጋ «እታ!» አለኝ። ዝም ብዬው ሄድኩ።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሆነን በአንድ አግዳሚ ነው፤ ቢሆንም ወንበር ነው። «ሸ»ን ተማርን። ጀርባዬ ቀለለኝ፤ ደስ ብሎኝ ልሞት ነበር።

በእረፍት ሰዓት ሮጬ ስመለስ በራችን ተከፍቷል። ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ እትዬ አበዛሽ ሁዜይፋን ታቅፋ መዳፉን ማር ትቀባዋለች። ቋጠሮዬ ላልቶ ኖሮ ምድጃው ድረስ ሄዷል፤ አመዱን ገልጦ ረመጡን ጨብጧል። እሷ ጩኸቱን ባትሰማ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ላስበው አልፈልግም።

እናቴ ማታ ስትገባ አበዛሽ ነገረቻት። እኔ ጥግ ላይ ተለጥፌ ዱላዬን እጠብቃለሁ። አልመታችኝም። የሁዜይፋን መዳፍ አየች፣ ተንበርክካ ከአልጋው እግር መቀነቷን ፈታች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንበር ላይ ተቀመጥሽ?»

«አዎ።»

«ምን አስተማሩሽ?»

«ሸን።»

«እስቲ ጻፊልኝ።»

በስንጥር አመዱ ላይ ጻፍኩላት፤ ሸ፣ ሹ፣ ሺ። እናቴ አመዱን አየች፣ አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ የመሰለኝ ልጇን ያቃጠለውን አመድ አይታ የምታለቅስ ነው። ያላንዳች ዱላ እንዲህ የተቀጣሁበት ቀን የለም።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ሴቶች ቤታችን ሞሉ። እኔ ጋቢ ውስጥ ገብቼ የተኛሁ መስዬ አዳምጣለሁ።

«ዛሬ መዳፉ ነው። ነገ ነፍሱ ብትሆንስ?» አለች አበዛሽ። «ኧረ እስከ መቼ ነው ልጆቻችንን እንደ ጥጃ እያሰርን የምንወጣው?»

«ሦስት ቅዳሜ ሰጥተናቸዋል» አለች እናቴ። እናቴ ገጠር ያደገች ናት። «ወንፈል ነው ያ። ዛሬ እኔ ማሳሽን ካረምኩልሽ፣ ነገ አንቺ የኔን ታርሚያለሽ። ወንፈል ተቀብሎ እምቢ ያለ ሰው ደጁ ደርሰው ነው የሚጠይቁት።»

«እንጠይቃቸዋ! ነገ ወስደን እናስረክባቸው! መንግሥት ያሳድጋቸው፣ ለእኛም ይቅለለን!» አለች አበዛሽ። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች።

እኔ አቃጥዬው፣ እሱን ሊሰጡት! እናቴ ስትስቅ እየሰማሁ አለቀስኩ።

በማግሥቱ የሆነው ሁሉ ጥርጣሬዬን አጸናው። እናቴ ሁዜይፋን አጠበችው፣ ቅቤ ቀባችው፣ የዒዱን ሸሚዝ አለበሰችው። በማክሰኞ ቀን! ለመሰናበቻ ካልሆነ ለምንድን ነው? አሥራ አንድ እናቶች አሥራ ዘጠኝ ልጅ አዝለውና አስከትለው ዳገቱን ወጡ። እኔ ከኋላ ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ እከተላለሁ። ሁዜይፋ ከእናቴ ጀርባ ላይ ሆኖ በተጠቀለለ እጁ ባይ ባይ ይለኛል።

በሩ ላይ ጋሽ ቢተው ተገተሩ። «እህቶቼ፣ ደብዳቤ አላችሁ ወይ?»

«ጋሽ ቢተው» አለች እናቴ፣ «ያን ጊዜ ጀሪካን ተሸክመን ስንገባ ደብዳቤ ጠይቀውን ነበር?»

ሰውየው ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከበሩ ገለል አሉ። ኃላፊው አቶ ኪዳነማርያም ከቢሮአቸው ወጥተው መጡ።

«ይህ የሠራተኞች ማቆያ ነው!»

«እኛስ ምን ነን?» አለች አበዛሽ። «ተኝተን ነው እንዴ የምንበላው?»

እናቴ ሁዜይፋን ከጀርባዋ አወረደችና አቆመችው። «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ ይህን ግድግዳ በሆዴ ሆኖ አብሮኝ መርጓል። እርስዎም የገበሬ ልጅ ነዎት። ወንፈል ተቀብሎ ያልመለሰን ሰው በአገርዎ ምን ይሉታል?»

አቶ ኪዳነማርያም ልጁን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ወደ ቢሮአቸው ተመለሱ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው ዞር ብለው ሄዱ። ልጆቹ «እማ! እማ!» ብለው ጮኹ። እናቴ እጄን ያዘችና «አንቺ ክፍልሽ ግቢ። ወደ ኋላ እንዳታዪ» አለችኝ። እሷም ዓይኗን ጠረገች፤ ልክ እንደ ላይ ሰፈር ሴቶች።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ምን እንደተማርን አላውቅም። ጀርባዬ በረደኝ። እረፍት ሲደወል ሮጥኩ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አጥሩ ክፍተት እንዳለው ከዚያ ከጀሪካኑ ዘመን ጀምሮ አውቃለሁ። ሾልኬ ገባሁ። ሁዜይፋ ትንሽ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እጁን በአዲስ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለውለታል፣ ደረቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጥፈውበታል። አየሽ፣ የራሳቸው አድርገውታል አልኩ። አንስቼ በአንሶላቸው አዘልኩት፤ በዚያው ቀዳዳ ወጣሁ፤ ቁልቁል እስከ ገበያው ድረስ አልቆምኩም።

እናቴ ጉልቷ ላይ ሽንኩርት ትመድባለች። «መልሼ አመጣሁት!» ብዬ ጮኽኩ። «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት! መስጠት ካለብሽ እኔን ስጪያቸው! እሱን አልሰጥም!»

እናቴ ሽንኩርቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም። ከላይ ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰችው እፀገነት፣ የማቆያው ሞግዚት፣ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ ደረሰች። ልጅ ጠፋባት! እኔ ዝናዬን ስቆጥር እሷ እንጀራዋ ሊቆረጥ ነበር፤ የእናቶቹም ነገር «ይኸው፣ ኃላፊነት መውሰድ አንችልም» ተብሎ እዚያው ሊቀበር ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

እናቴ ሁዜይፋን ከጀርባዬ ፈታ በራሷ አዘለችው። ሽንኩርቷን ለአበዛሽ ትታ እኔን በእጅ እየጎተተች ዳገቱን ተመለሰች። እኔ እጮኻለሁ። ሰው ሁሉ ያየናል። ሁዜይፋን ለእፀገነት መልሳ አስረከበችና ከጋሽ ቢተው አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። የገበያ ቀኗ እንዲሁ ሄደ።

«እማ፣ ምን እንጠብቃለን?»

«ዝም ብለሽ ተመልከቺ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ጫማቸው የተወለወለው እናቶች አንድ በአንድ መጡ። በሩ ተከፈተ፣ ልጆቹ እየሮጡ ወጡ፣ እናቶቹ አነሱዋቸው፣ ሳሟቸው። ከዚያ የታች ሰፈር ሴቶች ከነአቧራቸው መጡ። ሁዜይፋ ወጣ፤ አፉ ዙሪያውን ገንፎ ነው። «እታ!» አለኝ።

«አየሽ?» አለች እናቴ።

አየሁ። ግን ጀግንነቴን አልጣልኩም፤ በልጅነቴ ልበ ደረቅ ነበርኩ። የተመለሰልን እኔ ስለሰረቅኩት ነው እያልኩ አደግኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ቀን ይህን ለሰዎች ሳወራ እናቴ ሰምታ ሳቀች።

«ሞኝ! ለሁዜይፋ ብዬ መሰለሽ? እሱማ ታስሮም፣ ታዝሎም ያድግ ነበር፤ አንቺም እንዲሁ ነው ያደግሽው። ያን ቀን ያስገባሁት አንቺን ነው። አመዱ ላይ የጻፍሽውን አይቼ፣ ይህችን ልጅማ ማንም አይሰርዛትም አልኩ።»

ወጥቼ ደጅ ቆሜ አለቀስኩ።

ሁዜይፋ እዚያ የዋለው ሰባት ወር ነው። ሰባት ወር ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ማንበብ የቻልኩት በዚያች ሰባት ወር ነው። ከዚያ ኃላፊ ተቀየረ፣ ወረቀቱ በሩ ላይ ተመልሶ ተለጠፈ። ሁዜይፋ ዛሬ በዚያ ጠባሳ መዳፉ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ላይ ሰፈር ዛሬ ሦስት ማቆያ አለው። ታች ሰፈርስ? አንድም የለው!

እኔ አሁን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ መሬት እለካለሁ። የምኖረው ግን እዚያው ታች ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ነው። ልጄ አሚራ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ በደንቡ መሠረት ያ ቢጫ ቤት ይገባታል። ቅጹን ሞልቼ ስወጣ አጥሩ ጋ አንዲት ልጅ ቆማ አየሁ፤ ማርያማዊት፣ የአበዛሽ የልጅ ልጅ። ወንድሟን ቃለ ክርስቶስን አዝላለች፤ ደብተሯን በብብቷ ይዛለች። የሁለት ሰዓቱን ለቅሶ ታያለች። ፊቷን ሳየው የራሴን ፊት ያየሁ መሰለኝ፤ ቅጹን ቀደድኩት።

ትናንት ሰኞ ጠዋት ዳገቱን ወጣን። እናቴ፣ እኔ፣ አሚራ፣ ሌሎች ስምንት እናቶችና አሥራ አንድ ልጅ። ጋሽ ቢተው ካረፉ ቆይተዋል፤ በሩ ላይ አንድ ጎረምሳ ዘበኛ ነበር።

«ደብዳቤ አላችሁ?»

«አለን እንጂ» አለች እናቴ። ሄዳ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ይኸውልህ። አንብበው።»

ኃላፊው ወጡ። አዲስ ሰው፣ አሮጌ ቃል፤ «ለሠራተኛ ብቻ።» እኔም አልኳቸው፦ «እንግዲያው የኔም ልጅ አትገባም። እኔም ቢሮ አልገባም። እዚሁ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም እይዛለሁ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ከደመወዜ ቁረጡ፣ ደብዳቤ ጻፉብኝ። ሦስት ቅዳሜያችን ሳይመለስ ከዚህ አልነሳም!» ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ አልሃምዱሊላህ።

ያኔ የውስጠኛው በር ተከፈተ። እፀገነት ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ አሁን የቤቱ አስተባባሪ ሆናለች። ኃላፊውን አየች፣ እናቴን አየች፣ እኔን ለየችኝ።

«እኔ እቀበላቸዋለሁ» አለች። «የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ። ብቻ በአጥር ቀዳዳ የምትገባ ልጅ ካለች ከአሁኑ ንገሩኝ፤ ሁለተኛ እስከ ገበያ ድረስ መሮጥ አልችልም።»

ኃላፊው ስልካቸውን አውጥተው ራቅ ብለው ቆሙ። ይህ ስንት ቀን እንደሚቆይልን አላውቅም። ሊያስወጡን ይችላሉ፤ እኛም ተመልሰን እንመጣለን።

ልጆቹ እየጮኹ ገቡ። ማርያማዊት ግን ማዘያዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ወንድሟን አለቅም አለች። ለምን እንደሆነ ማንም አልገባውም፤ እኔ ገባኝ። ፊቷ ተንበርክኬ ቋጠሮውን ቀስ ብዬ ፈታሁላት።

«አብሽሪ፣ የኔ ዓለም። አሁን ክፍልሽ ግቢ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ድንጋይ ላይ አብረን እንቀመጣለን፤ ሲወጣ ታይዋለሽ።»